የቆረጥኳት ሽቦ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ አረፋ መምታት ነበር። ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ የጋዝ ምድጃና ሲሊንደር የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ሱቅ ነበረ፤ ባለቤቱ አቶ ጌታሁን ይባላሉ። በጣሳ ውሃ፣ ቁራጭ ሳሙናና ስፖንጅ ሰጡኝና «በደንብ ምቺና ጥሪኝ» አሉኝ። አረፋው የጋዙ ጎማ ከሬጉላተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይቀባል። ከተኩረፈረፈ ጋዝ እየወጣ ነው። ዝም ካለ እሳት ይለኮሳል። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ሠራተኛ እዚያ ሱቅ ውሎ አያድርም ነበር።

ያኔ ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ፣ እመቤቴ ግቢ ውስጥ ትልቅ የጋዝ መጥበሻ ነበራት፤ ባርቤኪው የሚሉት ነው። ዓርብ ዓርብ ሥጋ ይጠበስበታል፤ ቅዳሜ እኔ እፈታዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ። ከዚያ አገር ይዤ የመጣሁት ሀብት ይኸው እውቀት ብቻ ነው። አቶ ጌታሁን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሲሊንደር መሸከም ትችያለሽ?» አሉ። «ጋሼ፣ አራት ዓመት የሰው ልጅ አዝያለሁ። ሲሊንደር ቢያንስ አያለቅስም» አልኳቸው። ሳቁና «በይ ነገ ነይ» አሉኝ።

ማዕረጉ ሦስት ነበር። አረፋ መቺ፣ ረዳት፣ ዋና። ረዳት ጎማ ይቆርጣል፣ ማሰሪያ ያጠብቃል። ማንደጃውን፣ እሳቱ የሚወጣበትን ብረት፣ መፍታት የዋናው ብቻ ነው። ዋና እስክሆን አራት ዓመት ፈጀብኝ። በኋላ አቶ ጌታሁን አርጅተው ደሴ ልጆቻቸው ዘንድ ሲገቡ ሱቁን ለእኔ አስረከቡኝ። ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፦ «ሙሉ፣ የሰው ዕቃ ስትፈቺ እንዴት እንደነበረ መጀመሪያ በዓይንሽ ፎቶ አንሺው።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ!

የቆቦ ሰው ከጋዝ ጋር መኖር ቶሎ አልለመደም። አንዱ ሌባ እንዳይወስድበት ሲሊንደሩን መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ራስጌ ያቆመዋል። አንዷ ዳንቴል ሠርታ ታለብሰዋለች፤ በዳንቴሉ ውስጥ ጎማው ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ ማን ያያል? ሌላው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ጥሎት ይውላል፤ ያውም በራያ ፀሐይ! ተቆጥቼ ተቆጥቼ ጉሮሮዬ ነው የደረቀው። ጥላ ስር፣ ደጅ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጎማው በየዓመቱ ይቀየር። ሌላ ምስጢር የለውም።

እንግዲህ አያ እንድሪስና እትዬ ዘርፌ ወደ ሱቄ የመጡት በአንድ የገበያ ቀን ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ግን ሁለት ነው። እናትየዋ መጀመሪያ ሙስሊም አገባች፣ ባሏ ሲሞትባት ክርስቲያን አገባች። ታላቁ አያ እንድሪስ ሙስሊም፣ ታናሿ እትዬ ዘርፌ ክርስቲያን ሆነው አደጉ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ድረው፣ የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀብረው፣ በእርጅናቸው በእናታቸው ግቢ አብረው ይኖራሉ። ወሎ ውስጥ ይኼ ማንንም አያስገርምም። የእኔም አያት ሐጂ ነበሩ፣ አጎቴ ደግሞ ቄስ።

ሽሮው፣ ቡናው፣ ለቅሶው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ሥጋ ሲመጣ ግን ይለያያሉ። እሱ የእስላም ሥጋ፣ እሷ የክርስቲያን ሥጋ፤ ቢላዋው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ማድ ቤቱም ሁለት። ዓመት በዓል ሲሆን አያ እንድሪስ በዚያ በር፣ እትዬ ዘርፌ በዚህ በር ገብተው ለየብቻ ይበላሉ። ይህ ነገር እያረጁ ሲሄዱ ከበዳቸው። «እንግዲህ ስንት በዓል ቀርቶን ነው?» አሉኝ አያ እንድሪስ። «አንድ ላይ ተቀምጠን መብላት ነው የፈለግነው። እሳቱ አንድ ይሁን፤ ሥጋው እንደየእምነታችን። ይሆናል ወይ?»

ሁለት መጥበሻ ነበረኝ። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ክዳኑ እንደ መስታወት የሚያሳይ። ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ መልኩ የማያምር፣ ነገር ግን ማንደጃው ሁለት፣ ሥጋው የሚያርፍበት ፍርግርግ ብረትም ሁለት ነው። እትዬ ዘርፌ የሚያብረቀርቀውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እትዬ፣ ክዳኑን አይዩ፤ ማንደጃውን ይዩ» አልኳቸው። «ይኼ ብልጭልጭ የቆቦን አቧራ ሁለት ወር አይችልም። ጥቁሩ እናንተን ጦሮ ይቀብራል።» «አንቺ ልጅ፣ ገና ሳንገዛው ቀበርሽን!» አሉና ሁለቱም ሳቁ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የአንዱ ስብ ወደ ሌላው መፈናጠሩ አይቀርም። ዋጃ ለሚገኝ አንድ በያጅ ወስጄ መሐሉ ላይ የላሜራ ግድግዳ አስበየድኩለት። የስብ መቀበያውንም ሳህን ለሁለት አስከፈልኩት። ግራው የአያ እንድሪስ፣ ቀኙ የእትዬ ዘርፌ። ግቢያቸው ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ስር ተከልኩት፣ አረፋ ቀባሁ፣ ለኮስኩ። በሥራ ዘመኔ የኮራሁበት ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ፋሲካ ጠርተውኝ አየሁ። አያ እንድሪስ ከሙስሊም ሉካንዳ የፍየል ጎድን አስመጥተው በግራ፣ እትዬ ዘርፌ የበጋቸውን በቀኝ፣ ጎን ለጎን ወንበር ይዘው። «ዘርፌ፣ ያንቺ እያረረ ነው!» «አንተ የራስህን ጠብቅ፣ እንድሬ!» ስልሳ ዓመት እህትና ወንድም ሆነው ኖረው በዓል አብረው ሲውሉ ገና የመጀመሪያቸው ነበር። ቤቴ ገብቼ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። በጾም ጊዜ የእትዬ ዘርፌ ወገን ድንችና ቲማቲም ይጠበስበታል፤ በረመዳን የአያ እንድሪስ ወገን እስኪያፈጥሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃል። እንዲህ ሁለት ዓመት ኖሩበት።

በሦስተኛው ዓመት፣ የዒድ ዋዜማ፣ ለአጠባ ጠሩኝ። የዋዜማ ሥራ መከራ ነው፤ የከተማው ምድጃ ሁሉ የሚበላሸው ያን ቀን ነው። ስደርስ ሁለቱም ከቤት የሉም፤ ጎረቤት በር ከፈተችልኝ። ሁለቱን ፍርግርግ አንስቼ በአንድ ማዳበሪያ ከተትኩና በባጃጅ ጭኜ ወደ ሱቅ ወሰድኩ። የአንደኛው ጥግ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥማለች። ጥላሸት ጠጥታ ጠቁራለች። ብሩሹን ስለያዘችብኝ በፒንሳ ቆረጥኳትና ከቁርጥራጩ ጋር ጣልኳት። ሁለቱንም በአንድ በርሜል ፍል ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ፣ እንደ አዲስ እንዲያብረቀርቁ አደረግኳቸው። ወደ ግቢያቸው ወስጄ መልሼ ገጠምኩ፣ በአረፋ ፈተሽኩ፣ ሄድኩ። የትኛው የማን እንደነበር ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። የአቶ ጌታሁን ምክር የት እንደገባ እንጃ።

ከዒዱ ሳምንት በኋላ ለመጥበሻው የሸራ ልባስ ላደርስላቸው ሄድኩ። እትዬ ዘርፌ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። «ሙሉዬ፣ የእንድሬ ፍርግርግ ላይ ምልክት ብለን ያሰርናት ሽቦ ወልቃለች መሰል» አሉኝ። «እኛ ስናጥብ እንዳይቀያየርብን ነበር። እሱ ሲሰጋ፣ ‹ሙሉ የሠራችው ነው፣ ለይታ ነው የምታስቀምጠው› አልኩት። ለይተሻቸዋል አይደል?»

ያቺ ሽቦ! እውነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ቆርጫታለሁ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም።» ግን ዓይናቸው አምኖኛል። በዚያ ላይ ዒዱን በልተውበታል። አፌ ቀደመኝና «አዎ» አልኩ።

ይኸው ነው። «አዎ» አልኩ።

ሐሰት ግን እንቅልፍ ይነሳል። ቤቴ ለሙስሊም እንግዳና ለክርስቲያን እንግዳ ሁለት ቢላዋ አለኝ፤ አንድ ቀን ቀላቅዬ አላውቅም። ለራሴ እንግዳ የምጠነቀቅ ሰው፣ ለሰው ቤት እንዴት እንዲህ ሆንኩ? መንገዱ ተዘግቶ ጋዝ ሲጠፋ ሌላው ነጋዴ ሲያለቅስ እኔ «እሰይ፣ አይጠብሱበትም» እል ነበር። ጋዝ ሲመጣ ደግሞ የእነሱን ሰፈር ዞሬ አልፋለሁ። እንዲህ እያልኩ አምስት ወር አለፈ።

በጥቅምት አልቻልኩም። አያ እንድሪስ ኒሙ ስር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩት። መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ።

«ከዒዱ ወዲህ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አያ።»

«ምናልባት በትክክል ገጥመሽው ይሆናላ?»

«ሊሆን ይችላል። አላውቅም።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። «ሙሉ፣ ፍርግርጉ ቀላል ነበር» አሉኝ። «ያን ቀን ብትነግሪን ሌላ ብረት እንገዛለን፣ ሌላ ሽቦ እናስራለን፣ አለቀ። አምስት ወር የበላሁትን ግን አውጥቼ ላጥበው ነው? አሁን ሂጂና ለዘርፌ አንቺው ንገሪያት። ከእኔ አፍ አትስማው።»

እትዬ ዘርፌ ሲሰሙ ሦስቴ አማተቡ። «ኧረ በማርያም! በፍልሰታ ድንች ጠብሼበት የለም እንዴ? በፍልሰታ!» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱት። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ፤ ግን እንደ ወትሮው አልሳሙኝም።

እትዬ ዘርፌ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፤ አያ እንድሪስም ሼሁ ዘንድ። ቄሱም ሼሁም «ሳታውቁ የሆነ ነው፣ አይያዝባችሁም» አሏቸው። እኔም ሁለት አዲስ ፍርግርግ አሠርቼ፣ አንዱ ላይ «እ»፣ አንዱ ላይ «ዘ» በብየዳ አስጽፌ ወሰድኩ። አመሰገኑኝ። ሳንቲም አልቀበልም ስል መረቁኝ። ነገሩ ተቃና ብዬ ተመለስኩ።

አልተቃናም። በገና አብረው ተቀመጡ፤ እኔም ነበርኩ። አያ እንድሪስ ዓይናቸውን ከፍርግርጉ አላነሱም። እትዬ ዘርፌ መቆንጠጫውን ባነሱ ቁጥር የቱን እንደሆነ አገላብጠው ያያሉ። «ዘርፌ፣ ያ የኔ ነው።» «አውቃለሁ እንድሬ፣ መቼ ነካሁት?» ሳቅ የለ፣ መተራረብ የለ። ሥጋው ሳይጋመስ አያ እንድሪስ «ሆዴን አሞኛል» ብለው ገቡ። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ እትዬ ዘርፌ፣ ወንድማቸው «ነይ» ቢሏቸውም፣ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ መጥበሻው በሸራው እንደተሸፈነ ቀረ። እያንዳንዳቸው ወደየማድ ቤታቸው ተመለሱ። አልተጣሉም፤ ጠዋት ቡና አብረው ይጠጣሉ። በዓል ብቻ ነው የሞተባቸው፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ።

አያ እንድሪስ ስኳር ነበረባቸው። በዓመቱ፣ ከዒድ አስቀድሞ፣ አረፉ። ለቅሶው ላይ እትዬ ዘርፌ ከሁሉ በላይ የጮኹት «ሳልጠራህ! ወንድሜ፣ ነይ ስትለኝ ሳልመጣ!» እያሉ ነው። ሌላው ሰው ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኝ ከሴቶቹ ኋላ ተደበቅኩ።

ከወር በኋላ አስጠሩኝ። ልጆቻቸውና የወንድማቸው ልጆች ሊጠይቋቸው መጥተዋል። «ያን ነገር ለኩሽልኝ» አሉ። ሸራውን ገለጥኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ አረፋ ቀባሁ። ዝም አለ። ማንደጃው እንዳለ ነው፤ ጥቁሩ ብረት የማይሞት ነው ያልኩት እውነት ነበር። ፍርግርጎቹን አቧራቸውን ጠርጌ፣ «እ» የተጻፈበትን ወደ ግራ፣ «ዘ» የተጻፈበትን ወደ ቀኝ አዞርኩና «እትዬ፣ እዩልኝ፣ በትክክል ነው?» አልኳቸው።

የወንድማቸው ልጆች ሥጋቸውን በአባታቸው ማድ ቤት፣ በአባታቸው ድስት ሠርተው ስለሚበሉ፣ በግራው ወገን የሚጠብስ አልነበረም። እትዬ ዘርፌ የ«እ»ዋን ፍርግርግ በጣታቸው ዳሰሷት። «ተይው ሙሉ» አሉ፤ «አሁን ምልክት አያስፈልገውም። ሁለቱም የእኔ ናቸው።»

ለኮስኩላቸውና ወጣሁ።

ለምትሠሩ የምነግራችሁ ይኼን ነው። ሰው ዕቃ ላይ ሽቦም ሆነ ክር ካገኛችሁ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ለምን እንደታሰረ ጠይቁ። ከቆረጣችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ።