ክታብና ክታበት

ልጅ ሳለሁ የቤታችን አስተርጓሚ ነበርኩ። ሹመቱን ማንም አልሰጠኝም። ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት አባቴ እናቴንና እኛን ልጆቹን ከአዲስ አበባ ይዞ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አስመራ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ምጽዋ ወደብ ሥራ አገኘና በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ብቅ የሚል ሰው ሆነ። ጎዳይፍ በሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት ትግርኛ የማትችለው እናቴ፣ የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ዮናስና እኔ ቀረን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትግርኛውን ከግቢው ልጆች ጋር ገመድ ስዘል በጥቂት ወራት ለቃቀምኩት። ለቃቀምኩት የምለው አውቄ ነው፤ ግማሹን ሳነሳ ግማሹ መሬት ቀርቶ ነበርና።

ያኔ መብራት ደስ ሲለው የሚመጣ፣ ሲከፋው የሚሄድ ነገር ነበር። አመሻሽ ላይ ድርግም ሲል የግቢው ልጆች ሁሉ አቦይ ተስፋይ በረንዳ ላይ እንሰበሰብ ነበር። አቦይ ተስፋይ ዕድሜያቸውን በምጽዋና በደሴ መንገድ የጭነት ማኪና ሲነዱ የፈጁ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛቸውንም ያገኙት ከዚያው ከመንገዱ ነው። ፋኖሱን ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ የከሰል ምድጃዋን፣ ፎርኔሎዋን፣ ወደ እግራቸው ያስጠጋሉ፣ የሻሂ ማንቆርቆሪያቸውን ፍሙ ላይ ይጥዱና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጭሱ ሁልጊዜ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ለእኔ ሲሉ ተረቱን በአማርኛ ይጀምሩታል፤ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ሳያውቁት ወደ ትግርኛ ይገባሉ። በዚህ የተነሳ የብዙ ተረት ፍርሃቱ ደርሶኝ ምክንያቱ ሳይደርሰኝ ቀርቷል።

ከሁሉ የፈራሁት የማጅራት መቺውን ነው። ወደ ምጽዋ በሚወርደው በነፋሲት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ጉም ሲወርድ፣ ፊቱን ማንም ያላየው ሰው ከኋላ ይመጣና የመንገደኛውን ማጅራት ይመታል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው ይሉ ነበር አቦይ ተስፋይ፤ አንገቱን አዙሮ ያየውን ሰው አይነካም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን በሄድኩበት ሁሉ በየአምስት እርምጃው ወደ ኋላ እዞር ነበር። ከአንድም ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር ተላትሜያለሁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከምጽዋ መጣና ከእናቴ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ። ማጅራት ገትር ገብቷል፣ ልጆችን ነው የሚይዘው፣ ከእኛ ጀርባ ካለው ግቢ አንዲት ልጅ ሆስፒታል ገብታለች። ያኔ እኔ ማጅራት ገትርንና ማጅራት መቺን ለይቼ የማውቅበት ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ሰውየው ከነፋሲት ጉሙን ትቶ ጎዳይፍ ደረሰ ማለት ነው አልኩ። እናቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔንና ዮናስን አጠገቧ አቁማ አገጫችንን ደረታችን ላይ እንድናስነካ፣ አንገታችንን ግራና ቀኝ እንድናዞር ታዘን ጀመር። አንገቱ የሚዞርለት ልጅ ደህና ነው። ይኼ አቦይ ተስፋይ ካሉት ጋር አንድ ነበር፤ ስለዚህ እናቴም ተረቱን ሰምታዋለች ብዬ ደመደምኩ። ለምን በየጠዋቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደምታስደርገን ግን አልገባኝም።

አንድ ረፋድ የግቢው በር ተንኳኳ። ቦርሳ ያነገተች ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ላይ ደብተር ይዛለች። እናቴ ከጓሮ ልብስ ታጥባለች። ሴትየዋ በትግርኛ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ለልጆች «ክታበት» እንዳለ ነገረችኝ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ማጅራቷን በእጇ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። ክታበትን ሰምቼው አላውቅም። በአማርኛ ክትባት እንደሚባልም አላውቅም፤ አዲስ አበባ ተከትቤ ከነበረም ቃሉን ሳልይዝ ነው የተከተብኩት። የማውቀው አንድ ክታብ የሚባል ነገር ነበር፤ የድሮ ጎረቤታችን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ቆዳ የለበሰ ትንሽ ነገር። አንገትን ከሚመታ ሰው የሚጠብቅ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ነገር፤ ለእኔ ምኑም አላጠራጠረም። እየሮጥኩ ጓሮ ሄጄ ለማጅራት ገትር ክታብ ይሰጣል ተብሏል አልኳት።

እናቴ አጥባ የምትጨምቀውን ሸሚዝ ውሃው ውስጥ መልሳ ጣለችው። እዚህ አገር መንግሥትም ክታብ ያድላል እንዴ አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣

«ንገሪያት፤ እኔ ቤት ክታብ አይገባም» አለችኝ።

ተመልሼ ሮጥኩና እናቴ አትፈልግም አልኳት። ሴትየዋ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደጋግሜ አትፈልግም አልኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጫረችና ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

በማግስቱ የግቢው ልጆች ሁሉ ሄደው ተመለሱ። አንገታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ምንም የታሰረ ነገር የለም። ክታባችሁ የታለ ስላቸው ክንዳቸውን ያሳዩኛል። ደብቀውኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። በዚያ ምሽት አቦይ ተስፋይ በረንዳ ላይ ሁሉም ክንዱን እየያዘ የእኔ የበለጠ ያማል፣ የእኔ ነው የሚያም እያለ ሲፎክር እኔ ብቻ የምፎክርበት አጥቼ ተቀመጥኩ። አቦይ ተስፋይ የፍሙን አመድ እያራገፉ አንቺስ ለምን አልሄድሽም አሉኝ።

እናቴ ክታብ አትወድም አልኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። እንዴት ብዬ ለእናቴ እንደነገርኳት ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ሰበሰቡ፤ ፋኖሱ ሥር ክንዳቸው ላይ ክብ፣ የተጨማደደ ጠባሳ አሳዩኝ፤ በልጅነታቸው ለፈንጣጣ የተወጉት ነው።

«ጓለይ፣ ክታብ ኣይኮነን፤ ክታበት እዩ» አሉኝ፤ ልጄ፣ ክታብ አይደለም ማለታቸው ነው። «መርፌ ናይ ሐኪም። ነገ የመጨረሻ ነው።»

ፋኖሱን ከምስማሩ አውርደው ወደ ቤታችን ሲሄዱ ተረቱ ሳይጀመር ቀረ። እናቴ በሩ ላይ ሆና በትዕግሥት አዳመጠቻቸው። ከዚያ እኔ ፈጽሞ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረቻቸው። ከእኔ በፊት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነበራት። ትኩሳት ያዘው፣ አንገቱ አልታጠፍ አለ፤ ዘመድ ሐኪም ቤት ሳይሆን አዋቂ ዘንድ እንድትወስደው መከራት፤ ክታብ ተጻፈለት።

«አንገቱ ላይ አስሬለት ነው የሞተው፣ አቦይ» አለች።

አቦይ ተስፋይ ፋኖሱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ተሳስቼ ምን ልሠራ እንደነበር ያኔ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የጎዳይፉ መድኃኒት አልቆ ስለነበር መሀል ከተማ፣ ከዋናው ጎዳና ከኮምቢሽታቶ ጀርባ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት እንድንሄድ ተነገረን። ፌርማታው ላይ ቆመን አውቶቡሱ ሲዘገይባት እናቴ ዮናስን አዝላ በእግሯ ተነሳች፤ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ ዞሬ ማጅራት መቺውን አላየሁም፤ ረስቼዋለሁ። ስንደርስ ሰልፉ ገና ግቢውን ሞልቶታል፤ መድኃኒቱም አላለቀም። እኔ ተወጋሁ፣ አላለቀስኩም። ዮናስ ተወግቶ ለሁለታችንም የሚበቃ አለቀሰ።

ነርሷ ካርዳችንን ስትጽፍ እናቴ ከፊቷ አልንቀሳቀስ አለች። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

«ጠይቂያት» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ይኼ መርፌ የዛሬ ስምንት ዓመትም ነበረ ወይ በያት።»

ጠየቅኳት። ነርሷ ቀና ሳትል፣ ጥያቄው ምንም ሳይከብዳት መለሰች።

«እወ፣ ነይሩ።»

ሁለት ቃል ናት፤ አዎ፣ ነበረ። ሰባት ዓመቴ ቢሆንም የማን ነገር እየተጠየቀ እንደሆነ አውቄያለሁ። የእናቴን ፊት አየሁ፤ ወደ እኔ ነው የምታየው፣ ወደ ነርሷ አይደለም።

«አልነበረም ትላለች» አልኳት።

እናቴ ካርዶቻችንን ተቀበለች። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞራ «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነቻት፤ ትግርኛ ከአፏ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዮናስን አስተካክላ አዘለችና ወጣን።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ ይህንኑ ነገር ነገረችው። በኤፍሬም ጊዜ መርፌው አልነበረም አሉ፤ ሰናይት ናት ያስተረጎመችልኝ አለችው። ከዚያም በኋላ ለዘመድም ለጎረቤትም ባነሳችው ቁጥር ስሜን ጠርታ ነው የምትናገረው።

አሁን እኔም ልጆቼን ሳስከትብ ሰልፍ ላይ ቆሜ የማስበው ያንን ነው። የመጀመሪያው ስህተቴ ክታብና ክታበትን አለመለየቴ ነበር፤ እሱን አቦይ ተስፋይ አረሙልኝ። ሁለተኛውን ማንም አላረመውም፤ ስህተት ይሁን አይሁንም እስከ ዛሬ ድረስ አላውቅም። ግራ የሚያጋባኝ ግን ሌላ ነው። አስመራ ገበያ አንድ ሳምንት የወጣ ሰው «እወ» ማለት «አዎ» መሆኑን አይስተውም። «ነይሩ»ም ከ«ነበረ» ያን ያህል አይርቅም። እናቴ ደግሞ በየቀኑ ገበያ ትወጣ ነበር።