እንግሊዝኛን ዜማ ቤት ያስገባሁ ጊዜ

ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ መዝሙሩም መፈክሩም ካለቀ በኋላ፣ ዳይሬክተሩ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና የእኔ ዓረፍተ ነገሮች በስቴንስል ተጽፈውና ተባዝተው ለአሥራ አንደኛ ክፍል በሙሉ የእንግሊዝኛ መልመጃ ሆነው እንደሚታደሉ አስታወቁ። የእኔ! ከሦስት ሳምንት በፊት «ኮራጅ» ተብዬ ዜሮ የታቀፍኩት የእኔ! ከጎኔ የቆመችው ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝና «እንግዴህ መጽሐፍ ሆንሽ፤ አቧራ እንዳይቀመጥብሽ» አለችኝ። መሳቅ ስለማይፈቀድ በአፍንጫዬ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ እጄ አላርፍ ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡት የእንግሊዝኛ መምህራችን ቃል የሚያስተምሩት በሦስት መስመር ነው። መጀመሪያ ቃሉ፣ ቀጥሎ ፍቺው በራሱ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ከአማርኛ ትርጉም ጋር ጠብ አላቸው፤ ደብተር ላይ ካዩት በቀይ ይሰርዙታል። ፍቺው የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ብቸኛ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም፤ ስለዚህ ሌላው ልጅ በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲራገጥ እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እገለብጣለሁ።

መገልበጡ ባልከፋ። ችግሩ አጠናኔ ላይ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ቤት ደግሞ ነገር የሚጠናው በጩኸት ነው። ዳዊት የተማርኩት እየተወዛወዝኩ፣ አንዲት ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው። በእንግሊዝኛው ቃል ላይም ያንኑ ሥርዓት አወረድኩበት። ላም ሳልብ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ዕቃ ሳጥብ በእንግሊዝኛው አዜመዋለሁ፦ «ሪላክታንት! ለማድረግ የሚያመነታ፣ ልቡ የማይፈቅድ! ሎርዱ ዣንጥላቸውን ለአሽከራቸው ለመስጠት ሪላክታንት ነበሩ!» ከዚያ ለእናቴ በአማርኛ እተረጉምላታለሁ።

እናቴ በሁለተኛው ሳምንት ሰለቻት። «ኧረ እኒህ ሰውዬ ዛሬም ዣንጥላቸውን አልሰጡም?» አለች። «ምን ዓይነት ስስታም ጌታ ነው በማርያም!»

እኔ ግን ሎርዱን ወደድኳቸው። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁሉ እንደሳቸው ናቸው፤ ይጋብዛሉ፣ ይጋበዛሉ፣ በአትክልት ቦታ ይንሸራሸራሉ። የፎገራን ጭቃ የረገጠ አንድም የለም። በሁለት ወር ውስጥ መቶ ሰማንያ ቃል ከነሎርዶቻቸው ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ፈተናው መጣ። ዐሥር ቃል፣ ዐሥር ፍቺ፣ ዐሥር ምሳሌ። እጄ እንደ ውኃ ፈሰሰ። በማግስቱ መምህሩ ወረቀቴን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ገቡ።

«መዝገበ ቃላቱን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ነው የጻፍሽው?»

«ኧረ የለም ቲቸር፣ በቃሌ ነው።»

«በቃልሽ? ከነኮማው?»

«ኮማውም በቃሌ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ተቆጡና «በይ እስኪ፣ ቁሚና በይው» አሉኝ። ቆምኩ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ትንሽ እየተወዛወዝኩ፣ ሎርዱን ከነዣንጥላቸው አወረድኳቸው። ኮማ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ። ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንዱ «ይበል!» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚባለው።

ንጽሕናዬ የተመሰከረ መስሎኝ ዐይኔን ገለጥኩ። መምህሩ ግን አዝነው ነበር፤ ቁጣቸው ይሻለኝ ነበር። «አልኮረጅሽም» አሉ። «የባሰ ነው። ቴፕ ሆነሻል። ቴፕ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም። ዜሮው ባለበት ይቆያል። እስከ ዓርብ ዐሥር ቃል፣ ዐሥር ዓረፍተ ነገር፣ ከየትም መጽሐፍ ያልተገኘ፣ እዚህ ሰሌዳ ላይ ትጽፊያለሽ። ካልሆነ የሴሚስተሩ ውጤትሽ ይኸው ነው።»

ይኸው ከሆነ እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ እደግማለሁ። በእኛ ሰፈር ደግሞ የደገመች ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አትመለስም። ማንም አይከለክላትም፤ ብቻ «ምን ያደርግልሻል» የሚላት ይበዛና ቤት ትቀራለች። ሁለቱ የጎረቤት ልጆች እንደዚያ ነው የቀሩት።

እዚህ ላይ ስለ ፍትሕ አንድ ነገር ልበል። ከዚያው ፈተና ውስጥ «ኢንኤቪታብል» የሚል ቃል ነበረ፤ የማይቀር፣ የግድ የሚሆን ማለት ነው። ከክፍሉ ግማሹ «የሶሻሊዝም ድል ኢንኤቪታብል ነው» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። እነሱን ኮረጃችሁ ያለ የለም። ሠላሳውም ሙሉ አገኙ። እኔም ምንም አላልኩም፤ የሚባል ነገር አይደለማ።

ሰኞና ማክሰኞ ደብተር ገልጬ ተቀመጥኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም። «ሪላክታንት» ብዬ ስጀምር ሎርዱ ዣንጥላቸውን ይዘው ከች ይላሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ድፍረት መስሎ ታየኝ። የኔን ተራ ወሬ ከእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ መጻፍ በዳዊት ኅዳግ ላይ የወተት ሒሳብ እንደ መጻፍ ሆነብኝ።

ረቡዕ አባቴን አማከርኳቸው። እንግሊዝኛ «የስ» ከምትለው በቀር አያውቁም።

«አባ፣ ከመጽሐፍ ያልወጣ ቃል አምጪ ተባልኩ። ከየት አመጣለሁ?»

«የወጣውን እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሽው?»

«እንደ ዳዊቱ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ።»

ሳቁብኝ። አባቴ ቶሎ አይስቁም። «አዬ ልጄ! ዜማ ቤት አስገብተሽዋላ! ዜማ ቤት የጨመረ ይገሠጻል። መምህርሽ ግን የቅኔ መምህር ናቸው። ትናንት የተናገረውን ቅኔ ዛሬ መልሶ ይዞብኝ የሚመጣውን ተማሪ ምን እንደምለው ታውቂያለሽ?»

«ምን ይሉታል?»

«‹ይኸንን ትናንት በልተነዋል› እለዋለሁ። ከዚያ ጫካ ይወርዳል፣ ሲያስብ ይውላል፣ አዲስ ቆጥሮ ይመጣል። አንቺም ውጪ። ሲመሽ ትነግሪኛለሽ።»

«እንግሊዝኛውን እንዴት ሊያርሙ?»

«እንግሊዝኛውን አላውቅም። ውሸቱን ግን አውቀዋለሁ።»

ወጣሁ። ዐሥሩን ቃል በእጄ መዳፍ ላይ ጽፌ ወደ አክስቴ ቤት ወረድኩ፤ ቤቷ ሜዳው ከሚጀምርበት ነው። አክስቴ ማሳዋ ላይ ያንን አዲስ እህል፣ ሩዙን፣ የእርሻ ሠራተኞች ዝሪ ብለው ካሳመኗት ወዲህ ከእህሉ ጋር ሰላም የላትም። ድስቱን ከፍታ ታየዋለች፣ ትከድነዋለች። «ይኸ ምግብ ነው? ትል የመሰለ!» ትላለች። ጆሮዬ ቀጥ አለ። ሎርዱ የትም የሉም። አክስቴ ብቻ፣ ድስቱና እሷ።

መንገድ ላይ አንድ ገበሬ በሬው ጭቃ ውስጥ ተኝቶበት ይለማመጠዋል። ከወንዛዬ ጠበል መልስ አንዲት ሴትዮ ወገቤ ለቀቀኝ እያለች ከእናቴ በላይ ትፈጥናለች። ሁሉም ቃል ፍለጋ የቆመ ይመስል ነበር።

ማታ ለአባቴ በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳቸው። «ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ከበራችን መድረሱ ኢንኤቪታብል ነበር» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ውሸት። ከአጥሩ ነው የደረሰ።»

«አባ፣ ለማሳመር እኮ ነው!»

«አጥሩም ያምራል።»

አጥር አልኩት።

ዓርብ ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ጻፍኩ፦ አክስቴ ሩዝን ምግብ ብላ ለመጥራት ሪላክታንት ናት። ሁሉም የየቤቱን ድስት ሳያስታውስ አልቀረም፣ ሳቁ ከመስኮት ወጣ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ቀጠልኩ። በክረምት ፎገራ ላይ ከጫማ ይልቅ ዱላ ኢንዲስፔንሳብል ነው፤ የግድ አስፈላጊ ማለቴ ነው፣ ጭቃውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዐሥረኛው ቃል «ኦብስቲኔት» ነበር፦ ከያዘው ንቅንቅ የማይል፣ ግትር። ለዚህ የተኛው በሬ ተዘጋጅቶለት ነበር። ግን ጠመኔው ደፈረና ሌላ ጻፈ፦ መምህራችን ኦብስቲኔት ናቸው፤ የሰጡትን ዜሮ እንደ ልጃቸው ይወዱታል።

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብለው አነበቡት።

«ማን ነው ዜሮን እንደ ልጁ የሚወደው?» አሉ መምህሩ።

«ምሳሌ ነው ቲቸር።»

«ምሳሌማ ምሳሌ ነው። የከፋው እውነት መሆኑ ነው።» ደብተሬን ተቀብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን ቀናት አልተርክም፤ እህል አልወርድልኝ ብሎ ነበር ብል ግን አባቴ ውሸት ይሉኛል፤ በደንብ በልቻለሁ። ዛሬ ከሰልፉ በኋላ መምህሩ ጠርተውኝ አዲሱን ውጤቴን አሳዩኝ፤ ዘጠና ሁለት። ስምንቱ የተቀነሰው ለድፍረት እንደሆነ ነገሩኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እገባለሁ ማለት ነው።

ወሬውን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ አባቴ ተማሪዎቻቸውን ከሚሰሙበት ከደጃችን ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰምተው ሲያበቁ «ለብቻሽ ምን ያደርግልሻል፤ ጓደኞችሽንም አምጪያቸው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እሰማቸዋለሁ» አሉ። እኔም መልእክቱን ለእናንተ ላንባቢዎቼ አደርሳለሁ፤ ኑ። ወረታ ያላችሁ በእግራችሁ፣ አንበሳሜ ያላችሁ በመኪና፣ ከዚያ የራቃችሁ ባላችሁበት ከአንድ የማይዋሹት ሰው ፊት ተቀመጡ። አንድ የከበዳችሁን ቃልና በዐይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ወንበር የለንም፤ ድንጋዩ ግን ይበቃናል።