ከኮርቻው ቀንድ ላይ ተንጠልጥዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የፈረስ ጋጣ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሆኖም በዕድሜዬ በእናት ወግ በማያቸው ሰው ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለኝ። የጮህኩባቸውም ሌላ ሰው አይደሉም፤ የባለቤቴ እናት ናቸው። አማት ላይ መጮህ ምን ማለት እንደሆነ ላገሬ ሰው አላስረዳም።

አንቺን ከፈረስ ምን አገናኘሽ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ተወልጄ ሳድግ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ስቶክሆልም ግን የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበርና አንዲት ባልደረባዬ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የግልቢያ ትምህርት አለ ብላ ይዛኝ ሄደች። ወደድኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ከርሜ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ እኔን የሚሸከመኝ ማግኘቴ ደስ አሰኘኝ።

መጀመሪያ የተማርኩት የእንግሊዝ የሚባለውን አጋለብ ነው። ኮርቻው ትንሽና ልሙጥ ነው። የልጓሙን ገመድ፣ ዛቡን፣ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ፈረሱ ሶምሶማ ሲል ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ማለት ነው። ወገቤ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዌስተርን ወደሚሉት፣ የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ወደሚጋልቡበት ዓይነት ተዛወርኩ። የዚህኛው ኮርቻ እንደ ሶፋ ሰፊ ነው፤ ከፊቱም ገመድ የሚጠመጠምበት ቀንድ የመሰለ እጀታ ቆሞለታል። ዛቡ ላላ ብሎ በአንድ እጅ ይያዛል።

አስተማሪያችን ካሪን የምትባል ፈርጠም ያለች ስዊድናዊት ነበረች። የእሷ ፈረሶች ከእጅ ይልቅ ድምፅ ነው የሚሰሙት። በምላስ ቀጭ ካሉት ሶምሶማ ይጀምራል። ከንፈርን እንደ መሳም ካጮኹለት ፍጥነት ይጨምራል። ‹‹ዎ›› ሲሉት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በዚያው ሰሞን አማቴ እማማ በላይነሽ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈር በሆነው ዩልስታ እኛ ቤት ነበሩ። እኔ መቼም አማት እንዲህ ይንከባከባሉ ሲባል የሰማሁትን ሁሉ አደረግሁ። ‹‹አይነሱ››፣ ‹‹እርስዎ ይረፉ››፣ ‹‹እኔ አለሁ›› እያልኩ ሽንኩርት እንኳ አላስልጥም ነበር። እሳቸውም ሶፋው ጥግ ቁጭ ብለው በመስኮት መኪና ማቆሚያውን ሲያዩ ይውላሉ። እግዜር ይስጥሽ ከማለት ሌላ ብዙም አይናገሩም። እኔ ደግሞ አልወደዱኝም ብዬ ይበልጥ እሽቆጠቆጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ገባ። እሳቸውን ብቻቸውን ትቶ መሄድ ነውር ሆነብኝ፤ ትምህርቱንም ማስቀረት አልፈለግሁም። ይዣቸው ሄድኩ። ሰኔ ቢሆንም ያካፋ ስለነበር እኔ የዝናብ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ከአውቶቡስ ወረድን። ከአጥሩ ውጭ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

ትምህርቱ እንዳለቀ ካሪን የሌሎቹን ተማሪዎች ፈረሶች ልታስገባ ወደ ጋጣው ሄደች። ‹‹ቆይ፣ መጥቼ አወርድሻለሁ›› ብላኝ ነበር። እኔ ግን አማቴ እያዩኝ እንደ ሕፃን ተደግፎ መውረድ አሳፈረኝ። በእንግሊዙ ጊዜ የተማርኩት አወራረድ ነበር፦ ሁለቱንም እግር ከእርካብ ማውጣት፣ በሆድ ወደ ፊት መደፋት፣ ቀኝ እግርን በፈረሱ ጀርባ ላይ ማዞር፣ ከዚያ ሸርተት ብሎ መውረድ። በልሙጡ ኮርቻ ላይ መቶ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ልሙጥ ባልሆነው ላይ ግን ቀንድ አለ።

ስንሸራተት ቀንዱ በጃኬቴ ሥር ገባ። እግሬ መሬት ሳይነካ ቀጥ አልኩ። ጃኬቱ ወደ ላይ ተሰብስቦ ብብቴን ያዘኝ፤ ኮሌታው ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዚፑ በእኔ ሆድና በኮርቻው መካከል ተጣብቆ እጄን ማስገቢያ የለም። ወደ ላይ እንዳልወጣ እግሬ የሚረግጠው የለም፤ ወደ ታች እንዳልወርድ ጃኬቱ አይቀደድም። ዛቡም ከእጄ አመለጠ። ጉንጬ ኮርቻው ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቼ ቀረሁ።

ፈረሱ ምስጋና ይግባውና ንቅንቅ አላለም። ዝም ብዬ ካሪንን ብጠብቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

እማማ በላይነሽ ግን አዩኝ። ከወንበሩ ተነሥተው ወደ አጥሩ መጡና፣ እንደ ማንኛውም ደግ ያገሬ ሰው፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

‹‹እምጵ! ወይኔ ልጄን!››

የፈረሱ ጆሮ ቀጥ አለ። ወዲያው መራመድ ጀመረ።

‹‹እምጵ! እምጵ! ኧረ የሰው ያለህ!››

ሶምሶማ ሆነ። ኮርቻው ሲነሳና ሲወድቅ ኮሌታው ይበልጥ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። እግሮቼ ከፊት እግሮቹ አጠገብ እየተወዛወዙ ነው። ጃኬቱ ድንገት ቢለቀኝ የምወድቀው እዚያው ሰኮናው ሥር ነው። ባይለቀኝ ደግሞ ታንቄ መሞቴ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ያን ጊዜ ገባኝ።

በድንጋጤ ‹‹ፕትሮ!›› አልኩ። የድሮው የእንግሊዝ ግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረሶች የሚቆሙት በእሱ ነበር። ይሄኛው የት ያውቀዋል? ጉዞውን ቀጠለ። ከዚያ ‹‹ዎ›› ማለት ትዝ አለኝ። አልኩ። ቀስ አለ፤ ሊቆምም ነበር።

‹‹እምጵ! አንጀቴን በላሽው!›› አሉ አማቴ በአጥሩ በኩል እየተከተሉን። ፈረሱ እንደገና ተፈተለከ።

ገዳዬ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ባዘኑልኝ ቁጥር ፈረሱ ይፈጥናል። ፈረሱ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ እሳቸው ይበልጥ ያዝኑልኛል።

ምን ልበላቸው? እስኪ አስቡት። ክብራቸውን እንደጠበቅሁ በቀረችኝ ትንፋሽ ‹‹እማማ፣ እባክዎ…›› አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። እሳቸው የኑዛዜ ቃል መስሏቸው መሰለኝ፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከበፊቱ የረዘመ ከንፈር መጠጡልኝ። ፈረሱ ግልቢያ ጀመረ። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር መጣ። ልጆች አልወለድኩም፣ እናቴን አልቀበርኩም፣ እዚህ የፈረስ ጎን ላይ በይሉኝታ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

‹‹ዝም ይበሉ!›› ብዬ ጮህኩ። ‹‹ከንፈርዎን አይምጠጡብኝ! አፍዎን ይያዙ አልኩ! ዝም!››

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ድምፁ የእኔም አልመሰለኝ።

ጸጥ አለ። በአንድ ዓይኔ አየኋቸው፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እንደ ሐውልት ቆመዋል። ያን ጊዜ በመጨረሻዋ ትንፋሼ ‹‹ዎ›› አልኩ። ፈረሱ ቆመ።

ካሪን እየሮጠች ደረሰች። ጉልበቶቼን አቅፋ ወደ ላይ ስታነሳኝ ጃኬቱ ከቀንዱ ተላቀቀና ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተቀመጥን። ትንፋሼ እስኪመለስ ጀርባዬን ስታሸኝ ቆየች። ‹‹ሴትዮዋ ለምን ፈረሱን ታስጋልበዋለች?›› ብላ ጠየቀችኝ። ‹‹እያዘኑልኝ ነው›› አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ።

ወደ ቤት ተመለስን። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ነን፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ጉሮሮዬን ያመኛል። ይቅርታ ብዬ እግራቸው ሥር እንዳልወድቅ ሰው ሞልቷል። የታነቅሁት ፈረሱ ላይ ሳይሆን አሁን ነው አልኩ በልቤ። ለልጃቸው ምን ብለው ይነግሩታል? አገር ቤትስ ተመልሰው ለዘመድ ሲያወሩ? ‹‹አፍሽን ያዢ ያለችኝ ምራት›› ተብዬ ስጠራ ታየኝ።

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋሁ ተንበረከክሁ። ‹‹እማማ፣ ይማሩኝ። ነፍሴ ወጥታ ነው እንጂ…››

‹‹ተነሺ›› አሉኝ።

አልተነሣሁም። ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ጉሮሮዬ ላይ ኮሌታው ያወጣውን ቀይ ሰምበር በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከንፈራቸውን ሊመጥጡ ሲሉ ራሳቸው ተዉት። ከዚያ ድንገት ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

ሳቃቸው ሲበርድ ሶፋው ላይ ሳይሆን ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

‹‹ስሚ ልጄ›› አሉ። ‹‹እኔ ሦስት ሴት ልጅ አሳድጌአለሁ። ሦስቱም ይጮሁብኛል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ግን ‹አይነሱ፣ ይቀመጡ› ብቻ ነው። ሬሳ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም። ምን አጥፍቼ ነው ልጅቱ እንደ እንግዳ ያራቀችኝ እያልኩ ሌሊት አልተኛም። ወደ አገሬ መልሰኝ ልለው ነበር ልጄን፣ በዚህ ሳምንት።››

እኔ አልወደዱኝም ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው አልወደደችኝም ብለው እዚያ መስኮት ሥር ታስረው ከርመዋል። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአክብሮት ተቆላልፈን።

‹‹ዛሬ እንደ ልጄ ጮህሽብኝ›› አሉ። ‹‹በይ አሁን ቢላውን ወዲህ በይ።››

ያን ማታ ወጡን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጨው አብዝተውበት ነበር። ‹‹እማማ፣ ጨው በዝቷል›› አልኳቸው ፊት ለፊት። ባለቤቴ ማንኪያውን እንደያዘ ደርቆ ሁለታችንን አፈራርቆ ያየናል። ዛሬም ያን ፊቱን ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ።