አሥር አሥር ገጽ ይዘው የሚመጡት ወይዘሮ አስካለ

የቤተ ክርስቲያናችንን የክርስትና መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት ወይዘሮ አስካለ ማክሰኞ ጠዋት ሐረር ውስጥ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ሲነግሩኝ ፈላና በር አጠገብ ባለው የጥገና ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ፈትቼ ነበር። ብሎኖቹን አንድ በአንድ መልሼ አሰርኩና ተነሣሁ።

እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ከሬዲዮ እስከ ኮምፒውተር በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሐረር ውስጥ እኔ ያልፈታሁት መሣሪያ ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ያቆየሁትም እኔው ነኝ።

ወይዘሮ አስካለ ጥራዙ የተፈታውን፣ ምስጥ የጀመረውን መዝገብ ዓመታት ፈጅተው በአንድ ትልቅ ፋይል ጻፉት። ማሽኑ ግን አልቻለውም። ሙሉውን ሲከፍቱት ደርቆ ይቀራል። መስመር በመስመር እንዲያነብ የሠራሁት ፕሮግራም ደግሞ ለእያንዳንዱ ስም ሃርድ ዲስኩን እያንኳኳ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ኧረ እርስዎ ሁሉን አዋቂ፣ ምነው እንጨት ያስፈልጡታል?» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ የዲስኩን ኳኳታ ሰምተው።

«አርጅቶ ነው» አልኩ።

«እኔስ መች ልጅ ነኝ? ስገለብጥ መዝገቡን ሙሉ አልተሸከምኩም፤ ለአንድ ስምም ዕቃ ቤት አልተመላለስኩም። አሥር አሥር ገጽ ይዤ እመጣለሁ፤ እሱን ስጨርስ ቀጣዩን።»

ሳቅሁባቸው። በማግሥቱ ግን ፕሮግራሙን እንዳሉት አደረግሁት፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ፣ በአንዴ አሥር ገጽ ያህል እያነሣ። የቀዳነው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ፋይሉ አለቀ። «የራሴ ዘዴ ነው» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሰምተው «ይሁን፤ መዝገቡ ይነበብ እንጂ» ብቻ አሉ።

ለፍትሐት የሟቻቸው የክርስትና ስም የጠፋባቸው ሰዎች ሲመጡ ወይዘሮ አስካለ መጀመሪያ ወንበር ይስቡላቸው ነበር። «ኀዘንተኛ ቆሞ አይጠብቅም» ይሉ ነበር።

ማክሰኞ ቄሱ «የክርስትና ስማቸው ማነው?» ብለው ጠየቁ። የእኅታቸው ልጅ አላወቀችም። ዲስኩ ከሰሞኑ ክፉኛ መንቋቋት ጀምሮ ነበር፤ ከእንግዲህ ፋይሉን ከአንድ ጊዜ በላይ እንደማያነብ አውቄያለሁ። ለልጅቷ ወንበር ሰጥቼ፣ እያነበበ ወደ አዲስ ዲስክ እንዲገለብጥ አድርጌ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የስንቱ ስም አለፈ፤ ከዚያ የእሳቸው መጣ። በወረቀት ጽፌ ለቄሱ ሰጠሁ።

እትዬ አስካለ፣ ዘዴው የእርስዎ ነበር፤ ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ጻፍኩት። መዝገቡ ተነብቧል፤ እስከ መጨረሻው ወደ አዲስ ዲስክ ተገልብጧል። ማንም ቆሞ አልጠበቀም። ደኅና ይሁኑ፣ ወለተ ሥላሴ።