ጾመኛ የቀዳው ውሃ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት በደንብ የሚታወቀው ውሃ ሲጠፋ ነው። «ልማት» የሚለው ቃል ከስብሰባ በማይታጣበት በዚያ ዘመን፣ አንድ በጋ ቦኖው ነጠፈና እኛ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመን ስንንከራተት ከረምን። ቀበሌው አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ውሃ በቦቴ እየገዙ የመኪና ሹፌሮችን ከሚያስታጥቡ ሻወር ቤቶች የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ለመጠጥ ይዋል የሚል።

ሐሳቡን ከልቡ የያዘው የውሃ ኮሚቴ አባል የነበረው አባቴ ነው። ግቢያችን ውስጥ በርሜል በበርሜል ላይ ደራርቦ፣ አሸዋና ከሰል ሞልቶ፣ ያንን እጣቢ ሲያጣራና ሲያፈላ ሰነበተ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዝምተኛ ሆኖ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን እየሠራ መንዙማ ያንጎራጉራል። ውሃው ቢሳካም ባይሳካም ግድ አልነበረኝም። እንጉርጉሮው እንዳይቆም ነበር የምፈራው።

የሐሳቡ ዋና ጠላት የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ፤ እትዬ የምላቸው፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እንደ ልጃቸው የያዙኝ ክርስቲያን ሴት። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንተ ሰውዬ፣ የስንት ሹፌር ብብት የታጠበበትን ልታጠጣን ነው?» ይሉታል።

«ከሰማይ የሚወርደውስ የት የት ዞሮ የመጣ መሰለሽ?»

«እሱን ያጣራው እግዜር ነው። አንተ በርሜል የገዛኸው ገና ትናንት!»

ስብሰባው የተጠራው በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ከወረዳ የመጣው ካድሬ ብዙ ተናግሮ፣ «ይህን የሚቃወም ፀረ ልማት ነው» ብሎ ሲቀመጥ እትዬ ተነሱ።

«የኔ ልጅ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኛ ውሃ ጠማን እንጂ ልማት መቼ ጠላን?»

አዳራሹ ሳቀ። አባቴም አብሮ ስቆ ያጣራውን ውሃ ይዞበት የመጣውን ጆግ አነሳና ብርጭቆ ሞልቶ ቀዳ።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የሚጠጣ ነገር የቀዳ ሰው ራሱ ሳይቀምስ ለሌላ አይሰጥም። አባቴ ስንት ነገር ሲያሰናዳ ሰንብቶ ይህቺን ረስቷት ነበር። ከኋላ አንዱ፣ «ቅመሳ!» አለ።

«ጾመኛ ነኝ። ካፈጠርኩ በኋላ ግን ማታ ማታ የምጠጣው እሱን ነው።»

«ማን አየህ?»

ካድሬው «እኔ ልጠጣላችሁ» ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ «የቀዳው ነው የሚቀምስ!» ብለው አስቀመጡት። የሚጾሙት አንገታቸውን ደፉ፤ የነሱም አፍ እንደ አባቴ የታሰረ ነው። አባቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ቃሉ ታምኖ የኖረ ሰው፣ በገዛ ሰፈሩ ሰው ፊት ውሸታም ሊባል ነው።

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፊት መጡ።

«አምጣ ወዲህ!» ብለው ብርጭቆውን ከእጁ ወሰዱት። «የኔን ቤት ከሱ ቤት የሚለየው አጥር ብቻ ነው። እሱ ጾመኛ ነው፤ በሱ ፈንታ እኔ እቀምሳለሁ።»

አማትበው ጭልጥ አደረጉት። «ከሰል ከሰል ይላል እንጂ ውሃ ነው» አሉና አፋቸውን ጠረጉ።

ከዚያ እጅ አውጡ ተባለ። የሚቃወሙ ሲባል ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እትዬ ናቸው። ሐሳቡ ወደቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ፣ «ጠጥተሽ ደግሞ ትቃወሚያለሽ?» አላቸው።

«የጠጣሁት እንዳትዋረድ ብዬ ነው። የተቃወምኩት ደግሞ አንተ ስታልፍ ያንን በርሜል እንዳንተ ተጠንቅቆ የሚያጥብ ሰው ስላልታየኝ ነው።»

አባቴ እንጉርጉሮ ሳያሰማ በርሜሎቹን አልፎ ገባ። እኔም ዝምታው ተመለሰ ብዬ ፈራሁ።

ለመግሪብ አዛን ሲባል እትዬ ከደብረ ሲና የመጣላቸውን ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ ይዘው ገቡ። ቀዱ፣ ፉት አሉ፣ ለአባቴ ዘረጉለት። አባቴ የሚያፈጥርበትን ተምር በእጁ እንደያዘ አያቸው።

«አላየሁሽም፤ ድገሚው» አላቸው።

እየሳቁ ደገሙለት። በማግስቱ በርሜሎቹን እያፈረሰ ሲያንጎራጉር ሰማሁት።