የቀጭኔ በር ያዘዘችው የሒሳብ መምህርት

"ቲቸር፣ ቤትሽ ቀጭኔ አለ እንዴ?" አሉኝ ዛሬ ጠዋት ኦቦ ገመቹ።

ኦቦ ገመቹ እዚህ ቡራዩ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ አባት ናቸው። እኔ ደግሞ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ይቺን ያዙልኝ።

ትናንት የጓዳዬን በር ለክቼ፣ ቁመቱን ወረቀት ላይ 2.5 ሜትር ብዬ ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር። ደግነቱ ብረቱን ከመቁረጣቸው በፊት ጠረጠሩ።

"ሁለት መቶ ሃምሳ ሴንቲ የጓዳ በር በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም" አሉኝ።

"ኧረ ሁለት ሜትር ከአምስት ሴንቲ ነው!" አልኳቸው፣ በሙሉ ልብ።

ወረቀቴን መልሰው ሰጡኝ። አየሁት።

ለካ 2.05 መሆን ነበረበት! ባለፈው አርብ በዚህችው ስህተት ስንት ደብተር ላይ በቀይ ኤክስ እንዳደረግኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኦቦ ገመቹ አልሳቁብኝም። (እሺ፣ ትንሽ ስቀዋል።) ጠመኔ አንስተው ብረቱ ላይ 205 ብለው ጻፉ።

"እዚህ በሴንቲ ብቻ ነው የምናወራው። ነጥብ ካስገባን ብረቱ ያልቃል" አሉኝ።

የሃያ ዓመት ልምዴን ይዤ፣ ተመክሬ፣ እየሳቅኩ ወጣሁ። የጓዳዬ በርም ተርፏል።

ነገ የክፍሉ የመጀመሪያ ጥያቄ ያቺ ወረቀት ናት። ስህተቱን ቀድሞ ያገኘ ልጅ ቀይ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ኤክሱን ራሱ ያደርግልኛል።

እናንተስ፣ በገዛ ሙያችሁ የተሸወዳችሁበት ቀን የለም? ኧረ ጻፉ፣ ኤክሱን ብቻዬን አልቀበል!