አባቴ ጣራው ላይ የወጣ ዕለት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምስረታ ወደ እኛ አገር በገባበት ዓመት ነው። ያኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ግን እስካሁን ድረስ ቤት በሚሠራበት በኩል ካለፍኩ፣ ቋሚና ማገር ብቻ ሆኖ የቆመ ቤት ካየሁ፣ ዓይኔ ሳላስበው ወደ ጣራው ይሄዳል። ሰው የተቀመጠበት ይመስለኛል።

የድሮው ቤታችን አምባሰል ተዳፋት ላይ ነበር። ቀኑ የጠራ እንደሆነ ከደጃፋችን ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለአባቴ ለይማም ግን አይታየውም ነበር። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ዓይኑ መድከም ጀምሮ፣ በኋላ ጭራሽ ጠፍቷል። እንዲያም ሆኖ በዚያ ክብ ጎጆ ውስጥ አባዬ እንደማያይ የማይገባው እንግዳ ብዙ ነበር። እንስራው ጋ ራሱ ሄዶ ውሃ ይቀዳል። ከሶላት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ ራሱ ያነሳል። በራችን ዝቅ ያለ ስለነበር ዓይን ያለው ሰው ግንባሩን ሲመታ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። አንዴ በሬ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ከእሱ ጋር ሲጫወት ውሎ፣ ሊሄድ ሲነሳና አባዬ እጁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዘረጋለት ነው ነገሩ የገባው።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። በየተራራው ተበትናችሁ አትኖሩም፣ ሜዳ ወርዳችሁ ባንድ መንደር ትሰፍራላችሁ ተባልን። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከደሴ ወልድያ መንገድ አጠገብ ቦታ ተመራልን። ጎጆአችንን በገዛ እጃችን አፈረስን። የሚጠቅመውን እንጨት በትከሻና በአህያ አወረድን። እናቴ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

አባዬ አላለቀሰም። አዲሱ ቤት ምን ዓይነት እንደሚሆን ጠየቀ። ክብ እንደማይሆን፣ ከሌሎቹ ቤቶች ጋር በአንድ መስመር የሚቆም ባለ አራት ማዕዘን ቤት እንደሆነ፣ ወንድሜ ሰይድ ከደሴ ቆርቆሮ እንደሚያመጣለት ነገርነው።

«ማዕዘን ያለው ቤት ውስጥ ኖሬ አላውቅም» አለ። «እንማረዋለን።»

ለቀልድ ያለው መስሎን ነበር።

ቤቱን የሚሠራልን ጌታቸው የሚባል አናጢ ነበር፤ በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ካለ መንደር የመጣ ክርስቲያን። ሰይድ ያግዘዋል። እኛ እዚያው አጠገብ ዳስ ጥለን ተቀመጥን። በየቀኑ ወደ ማታ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙ፣ አባዬ እጄን ይዞ «በይ የዛሬውን አሳዪኝ» ይለኛል።

ጉድጓዱ የተቆፈረ ዕለት ተንበርክኮ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተው። ቋሚው የቆመ ዕለት እያንዳንዱን እንጨት አቅፎ፣ ወዘወዘው። በሩ በየት በኩል ነው፣ መንገዱ በየት በኩል ነው፣ ለሶላት የምንዞርበት ቂብላው በየት በኩል ነው እያለ ይጠይቃል። ማገሩ ከሥር ወደ ላይ ከፍ እያለ ሲሄድ እጁም አብሮ ከፍ አለ። አንድ ቀን መሐል ላይ ያለውን ምሰሶ ዳሰሰ። የድሮው ቤታችን ምሰሶ ነበር። ማንም አልነገረውም። ግንባሩን አስደግፎት ትንሽ ቆየና «ይሄስ የኛው ነው» ብሎ አለፈ።

ጌታቸው ወደደው። ኋላ ኋላ መሣሪያውን ሰብስቦ እንኳ አባዬን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ጋሼ ይማም ያላዩት ሥራ አልተሠራም ይለናል።

እንዲህ እያለ ጥሩ ሲሄድ አንድ ቀን አባዬ እኔን ሳይጠብቅ ብቻውን ሄደና ጭቃ የሚቦካበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። እናቴና ሰይድ ተነጋግረው ከእንግዲህ ወደዚያ እንዳይሄድ ከለከሉት። ቤቱ አልቆ ትገባለህ፣ እስከዚያ እዚህ ተቀመጥ አሉት። እኔ ተከራከርኩለት፤ አብሬው እሆናለሁ፣ አልለየውም አልኩ። አልሰሙኝም።

አባዬም አልተቆጣም። ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ። ምግብ ቀነሰ። ስለ ቤቱ መጠየቅ ጭራሽ ተወ። የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ግን ፊቱ ወደዚያ ይዞር ነበር። እግሩ ከዳነ በኋላም ክልከላው አልተነሳም።

ሰይድ ቆርቆሮውን ያመጣ ዕለት ጌታቸው አባዬን ሊጠይቅ ዳስ ገባ። የጣራው እንጨት ተገጥሞ እንዳለቀ፣ ነገ ቆርቆሮ መምታት እንደሚጀምር ነገረው። አባዬ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ከላይ ያለውን እንጨት ሰው ሊዳስሰው ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ጌታቸው ስቆ ከዚያ ወዲያማ የአይጥ ነው አለው። አባዬም አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ ግን ሥራ አልተሠራም። የገበሬ ማኅበሩ ሁሉንም ሰው ለስብሰባ ጠራ። ያን ጊዜ ስብሰባ መቅረት ያስጠይቃል። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ወንድ፣ አናጢው ሳይቀር ሄደ። ለዓይነ ስውሩ አባቴ ብቻ መቅረት ተፈቀደለት። ውሃና ቁርሱን አጠገቡ አስቀምጬለት ሄድኩ።

ንግግሩ ረዘመ። ፀሐይ አናታችን ላይ ሆና ስንመለስ ከፊታችን ቀድማ የሄደች ጎረቤታችን እየሮጠች ተመለሰች። ይማም ጣራው ላይ ነው አለችን። አልገባንም። ደርሰን ስናይ ነው የገባን።

ከዘራው መሰላሉ ላይ ተደግፏል። ጫማው መሰላሉ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አባዬ ሽርጡን ወደ ላይ ጠቅልሎ፣ የጣራው አናት ላይ ያለችውን ረጅም እንጨት እንደ በቅሎ ተፈናጥጧት ተቀምጧል። ከሥሩ ክፍት ማገር ነው፣ ከዚያ በታች ድንጋይና መሬት።

መጀመሪያ ስናየው ደህና ነበር። በእጁ እንጨቱን ይደባብሳል። ከዚያ መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበና ጩኸት ሆነ። አንዱ አትነቃነቅ ይላል፣ ሌላው ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይላል። እናቴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰይድ አላስቻለውም፤ መሰላሉን እየሮጠ ወጣ። ጣራው ተናጋ። የአባዬ አንድ እግር ከተቀመጠበት ተንሸራቶ በማገሩ መሐል ቁልቁል ተንጠለጠለ።

ሁላችንም ጮህን። ሰይድ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ወረደ። አባዬ እግሩን እንደምንም አውጥቶ እንጨቱን በደረቱ አቀፈው። ከዚያ በኋላ ስንጠራው መልስ አልሰጠንም። ጌታቸው ፊቱ ጠቁሮ ቆሟል፤ እኔ ብወጣ እንደገና ይናወጣል ይላል። ከሥር ጭድ እናንጥፍ ያለም ነበር።

ይህን ጊዜ መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆመ። የስልክ እንጨት የሚተክሉና ሽቦ የሚጠግኑ ሠራተኞች ነበሩ። ከመሐላቸው አንዱ፣ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩ ላይ ሽበት ጣል ያለበት ሰው ወደኛ መጣ። አነጋገሩ የወሎ አይደለም። እየዞረ ሰዉን ዝም አስባለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እጁን ብቻ ዝቅ ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ የማን አባት እንደሆኑ ጠየቀ። የኔ ነው አልኩት። ስሙንና ዓይኑ እንደማያይ ነገርኩት።

ጫማውን አወለቀ። እንጨት ላይ ሲወጡ የሚታጠቁትን ሰፊ ቀበቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መሰላሉን መውጣት ጀመረ። አንድ እርከን በወጣ ቁጥር ትንሽ ይቆማል። እየወጣም ያወራል፤ አባዬ ከየት በኩል እንደሚመጣ በድምፁ እንዲያውቅ ነው።

«አባ ይማም፣ እንደምን ዋሉ?»

አባዬ ቆይቶ «አልሃምዱሊላህ» አለ። «ማነህ?»

«መንገደኛ ነኝ። ቤት ሲሠራ አይቼ ነው የቆምኩት። ልምጣ?»

«ና። ቀስ ብለህ ግን።»

ሰውዬው ወጣና ፊት ለፊቱ ተፈናጠጠ። ቀበቶውን ልሰርልዎት አለው። አባዬ ቀበቶውን በእጁ ዳሰሰና መለሰለት።

«ለራስህ አድርገው» አለው። «አንተ ቤቱን አታውቀውም።»

ሰውዬው እሺ ብሎ ራሱ ታጠቀ። ከዚያ ውረዱ አላለውም። ቤቱ የማን እንደሆነ ጠየቀው። አባዬ መጀመሪያ ባጭር ባጭሩ ነበር የሚመልሰው። ቀስ በቀስ ንግግሩ ተፈታ። በሩ ከታች የት እንዳለ፣ ከብቶቹ የት እንደሚያድሩ፣ እናቴ እህሏን የት እንደምታስቀምጥ፣ እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ ነገረው። ሲናገር ደረቱ ከእንጨቱ ላይ ተነሳ። ከዚያ አንዱን እጁን ለቀቀና መጠቆም ጀመረ።

ከታች ሆነን ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምንሰማው። አባዬ ሐይቁ በዚያ በኩል ነው፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ የሚመጣው ከዚያ ነው ብሎ እጁን ዘረጋ። ትክክል ነበር። ዓይን ያለን ሰዎች በሙሉ ዞረን ሐይቁን አየን።

ጥቂት እንደቆዩ ሰውዬው እንዲህ አለው፤

«አባ ይማም፣ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው። መውረዴ ነው። ግን የት የት እንደሚረገጥ አላውቅም። ያውርዱኝ።»

አባዬ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲያው አንተ ቅደም፣ እኔ እነግርሃለሁ» አለው። «ግራ እግርህን ዝቅ አድርግ። ማገር አለልህ።»

«አገኘሁት።»

«አሁን በቀኝ በኩል ቋጠሮ ያለበት እንጨት አለ። እሱን ያዝ። ቢስሚላህ በል።»

ሰውዬውም ቢስሚላህ አለ። እንዲህ እየተባባሉ ወረዱ። ሰውዬው በእያንዳንዱ እርምጃ ከአባዬ እግር ሥር ነበር፤ ትከሻው እግሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግን አንድም ጊዜ አልያዘውም። አባዬ በራሱ እጅና በራሱ እግር ወጥቶ፣ በራሱ እጅና በራሱ እግር ወረደ። መሬት ሲረግጥ ጫማውን በእግሩ ፈልጎ አገኘና አጠለቀው።

እናቴ ተነስታ ትከሻውን በጥፊ መታችው፤ ወዲያው ደግሞ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ሰይድ ዞር ብሎ ቆመ። እንግዳውን እህል ቅመስልን ብለን ለመንነው። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋ ነበርና መቀመጥ አልቻለም። አባዬ እጁን ይዞ ረጅም ዱዓ አደረገለት። ሰውዬው አሚን እያለ አጎንብሶ ተቀበለ። ሊሄድ ሲል ወደኔ ዞር አለና ቤቱን እንዲህ የሚያውቅ ባለቤት አይቼ አላውቅም ብሎኝ ወደ መኪናው ሮጠ። ወደ ወልድያ በኩል ሄዱ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ቆርቆሮው ሲመታ አባዬ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክልከላው ተነስቷል ያለ ሰው የለም፤ የተቃወመም የለም። ሰይድ ራሱ ነው ማለዳ እጁን ይዞ ያመጣው። አባዬ ሚስማር እየመረጠ ያቀብላቸዋል፤ የጎበጠ ሲያገኝ ይመልሳል።

ወደ ቤቱ የገባን ዕለት አባዬ እጁን ለማንም አልሰጠም። በበሩ ገባ፣ ምሰሶውን አልፎ ቦታው ላይ ተቀመጠ። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ብቻ ግራ ገባው። ይሄ ቤት ወሬ ያበዛል አለ፤ የሰው ድምፅ ስለሚደፍንበት ቆርቆሮውን እስከ መጨረሻው አልወደደውም።

ደርግ ሲወድቅ ብዙ ጎረቤቶቻችን ቤታቸውን እያፈረሱ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ወጡ። እናቴም ልቧ ወደዚያ ነበር። አባዬ ግን እርሻውን እዚያ እናርሳለን፣ ማደሪያዬ ግን እዚህ ነው፣ ሌላ ቤት የምማርበት ዕድሜ የለኝም አለ። እዚያው ኖሮ እዚያው አረፈ። አላህ ይማረው።

ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን፣ ያን ዕለት ጣራው ላይ ፈርተህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ስወጣ አልፈራሁም» አለኝ። «ላይ ተቀምጬም አልፈራሁም። የፈራሁት እናንተ መጥታችሁ ስትጮኹ ነው።»

ይህን ከነገረኝ ብዙ ዓመት ሆነው። ያን ዕለት የያዘኝ ድንጋጤ ከሰውነቴ ወጥቷል፤ አሁን ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ለሰውም የማወራው በኩራት ነው። ያ መንገደኛ በሕይወት ካለ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው።

ቤቱ እስካሁን አለ። እኔ ነኝ የምኖርበት። በዚህ ዓመት ልጆቼ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራልሽ አሉኝ። የኔም ዓይን አሁን አሁን እየደከመ ነው፤ ራቅ ያለ ሰው አልለይም። ሥሩት አልኳቸው። ሥራው እስኪያልቅ ከተማ ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ፣ ሲያልቅ ትገቢያለሽ ሲሉኝ ግን እንቢ አልኩ። አጠገቡ ዳስ ጣሉልኝ፣ በየቀኑ የተሠራውን እያሳያችሁኝ ነው የምትሠሩት አልኳቸው።